ትርፍ ሰዓት ከማን የተረፈ ነው?

ተማሪዎች ሆይ! ከመደበኛው የሥራ ሰዓት በላይ የሚሠራበትን ጊዜ «ትርፍ ሰዓት» እንለዋለን። «ትርፍ» ማለት ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ የተረፈ ማለት ነው። ለመሆኑ ይህ ሰዓት ከማን የተረፈ ነው?

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በዚህ ላይ የሚጨመረው የትርፍ ሰዓት መጠን ግን ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ትርፍ ሰዓት በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን እስከ 4፣ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ይፈቅዳል። ይህም በአራት ሳምንት 48 ሰዓት ስለሚሆን ከቀድሞው የወር ገደብ በእጥፍ ይበልጣል። ክፍያውም አድጓል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ከሩብ የነበረው አንድ ተኩል ሆኗል።

እርግጥ ነው፣ ገንዘቡ የሚናቅ አይደለም። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ለልጆቹ ደብተርና ልብስ የሚገዛ ሠራተኛ ጭማሪውን ቢሻ ማንም አይፈርድበትም። ይሁን እንጂ ሒሳቡን በቤት በኩልም እናስላው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሥራ የገባች እናት የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ወስዳ በ11 ሰዓት ትወጣለች። 4 ሰዓት ሲጨመርባት የምትወጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። አውቶቡስ ጠብቃ ቤቷ ስትደርስ ትንንሾቹ ተኝተዋል፤ እራት ስትሠራና ታናናሾቿን ስትጠብቅ ያመሸችው ታላቋ ልጅም የቤት ሥራዋን ገና አልጀመረችም። እንግዲህ ያ ሰዓት የተወሰደው ከልጆቹ ጨዋታና ከታላቋ ልጅ ጥናት ነው። ክፍያው ግን ለእነርሱ አልታሰበም።

በእኔ አስተያየት ትርፍ ሰዓት የዘወትር ልማድ ሊሆን አይገባም። ሕጉም ቢሆን የሚፈቅደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ አስቸኳይ ሥራ ሲያጋጥምና ለመሳሰሉት ምክንያቶች ነው። ሠራተኛው ያለ ትርፍ ሰዓት ኑሮውን መግፋት ካቃተው፣ መስተካከል ያለበት መደበኛ ደመወዙ ነው።

ነገ እናንተም ሠራተኞች ወይም አሠሪዎች ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ስለ ትርፍ ሰዓት ስትነጋገሩ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ሰዓቱ ከማን እንደሚወሰድ ጠይቁ።