ክፍላችንን የሚያሞቀው ፍም ነው ወይስ ግድግዳ?

እንደሚታወቀው በዙሪያችን ያሉት ከተሞች ብርድ አያጡም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ሜዳ ላይ ተቀምጣ ክረምት ሲገባ ሜዳዋ ውሃ ይቋጥራል። ቡራዩን የገፈርሳ ነፋስ ይገርፋታል። ሰበታም የወጨጫ ተራራ ግርጌ ናትና ጭጋግ አታጣም። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ብርዳቸው ግን እየራሱ ነው። የሐምሌው እርጥብ ነው፤ ልብስ አይደርቅም፣ ፍራሽ ይረጥባል። የኅዳርና የታኅሣሡ ደግሞ ደረቅ ውርጭ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች።

ውጭ ተከራይቶ የሚኖር ዕጩ መምህር ታዲያ ምን ያድርግ? የብዙው ሰው መልስ አንድ ነው፤ ማንደጃ ማስገባት። አከራይ እናታችንም «ልጆቼ፣ ፍሙ ከቀላ ምን ያደርጋችኋል?» ይሉናል፣ በቅንነት። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የሚገድለው ጭሱ አይደለማ! ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ዕጣን ጣል ማድረግም ሽታ ይለውጥ እንደሆነ እንጂ ጋዙን አያጠፋም።

ይልቅ ሙቀቱ የሚሸሽበትን ቀዳዳ እንይ። የጭቃው ምርጊት ተሰነጣጥቋል። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል እጅ የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ቆርቆሮ ብረት ነውና ሙቀት አይዝም፤ ሌሊት ያልበውና ሊነጋጋ ሲል አልጋ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቶ ኮርኒስ መወጠር ግን ብዙ ወጪ የለውም፤ በመካከል የሚቀረው አየር ሙቀት ያግዳል። ግድግዳው ላይ ካርቶንና አሮጌ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ መለጠፍም እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው። (ይህ የግድግዳ ጋዜጣም ዕድሜው ሲያልቅ ለዚህ ቢሰጠን ቅር አይለንም።) ከፍራሽ ሥር ሰሌን፣ ከላይ ጋቢ ወይም ቡሉኮ። እርጥብ ልብስ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ ሲደርቅ የክፍሉን ሙቀት እየወሰደ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር። ክፍተቱን የደፈነ ሰው ከዚያ ወዲያ ከሰል የሚባል ነገር ማስገባት የለበትም። ድሮ ያዳነው ምናልባት ያ የሚጠላው ቀዳዳ ይሆናል። ቡናውም በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ጀበናው ብቻ ይግባ። በጋዙ የተመታ ሰው ካጋጠመን ደግሞ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ።

አንዳንዶች «ይሄ የአከራዩ ጉዳይ እኮ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ኪራይ እየተቀበሉ ቤት አለማደስ ነውር ነው። ግን አከራዩ እስኪያስብበት ክረምቱ አይጠብቅም። ነገ የምናስተምራቸው ሕፃናትም የሚያድሩት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው፤ የከሰሉን ነገር ከኛ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?

ስለዚህ የተማሪዎች መማክርት በግንቦት ሁለት ቅዳሜዎችን ይመድብልን። በክረምት የተመረገ ጭቃ አይደርቅምና ከዚያ አይለፍ። ጭዱን አዋጥተን እንገዛለን፣ ጭቃውንም ቀደም ብለን እናቦካለን። ከተቋሙ ግምጃ ቤት የምንጠይቀው ሦስት አካፋ፣ ሁለት ዶማና አንድ ባሬላ ነው፤ ሰኞ ጠዋት አጥበን እንመልሳለን።