ስሞቹ ሳያልቁ መብራት አይብራ

አዲስ አበባ፣ ቀበና ውስጥ አዲስ የማርቭል ፊልም የሚዳረሰው በፍላሽ ነው። አንዱ ከአራት ኪሎ አስገልብጦ ያመጣል፤ ሳምንት ሳይሞላ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያላየው ወጣት አይገኝም። እነዚህ ተመልካቾች ፊልሙ አለቀ ሲባል አይነሱም። በስም ዝርዝሩ መሃል ወይም መጨረሻ ላይ የተደበቀች አንዲት ትዕይንት እንዳለች ያውቃሉና። እስክትመጣ ድረስ ግን ስሞቹን በጣታቸው ወደፊት ይገፏቸዋል። ስፌተኛው፣ አናጺው፣ ድምፅ ቀጂዋ፣ ፀጉር ሠሪዋ ሁሉም በጥቂት ሰከንድ ሽው ብለው ያልፋሉ።

የማርቭልን «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎረቨር» አቁሞ ያስኬደው ግን ያ ሽው ብሎ የሚያልፈው ስም ነው። የመጀመሪያው ፊልም ጀግና ቻድዊክ ቦስማን ነሐሴ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአንጀት ካንሰር አረፈ። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ለእሱ ብሎ የጻፈው ድርሰት እጁ ላይ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ፊልም መሥራቱን ራሱ ሊተወው አስቦ እንደነበር ተናግሯል። ስቱዲዮው በቦስማን ቦታ ሌላ ተዋናይ እንደማይተካ አስታወቀ። ርዕሱ በጀግናው ስም የተጠራ ፊልም ያለ ጀግናው ቁጥር ሁለት ይሠራ ዘንድ ግድ ሆነ።

ፊልሙን ያዳነው ማን ነው ቢባል መልሱ አንድ ስም አይሆንም። ኩግለር ከጸሐፊው ጆ ሮበርት ኮል ጋር ሐዘኑን ራሱን ታሪክ አድርጎ እንደ አዲስ ጻፈው። ስዊድናዊው ሙዚቀኛ ሉድቪግ ዮራንሰን ለመጀመሪያው ፊልም ከሴኔጋላዊው ባባ ማል ጋር ተጉዞ ነበር፤ ለሁለተኛው ደግሞ ሜክሲኮና ሌጎስ ድረስ ሄዶ ከየአገሩ ሙዚቀኞች ጋር ቀረጸ። በመጀመሪያው ፊልም ኦስካር የወሰደችው የፕሮዳክሽን ዲዛይነር ሃና ቢችለርም ተመለሰች። ካሜራው ከሬቸል ሞሪሰን ወደ ኦተም ዱራልድ አርካፖ ተላለፈ። የባሕር በታቹን ንጉሥ የተጫወተው ሜክሲኳዊው ቴኖች ዌርታ ዋና የማያውቅ ሰው ነበር፤ ለዚህ ሥራ ተማረ። መሪ ተዋናይት የሆነችው ለቲሺያ ራይት ቦስተን ውስጥ በቀረጻ ላይ ተጎድታ ሥራው ለሳምንታት ቆሞ ነበር። ይህ ሁሉ አልፎ ፊልሙ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይም አስገባ።

ከሁሉም በላይ ግን የአልባሳት ዲዛይነሯ ሩት ካርተር ላይ መቆም ይገባል። ፊልሙ ገና ሲጀምር ቀብር አለ። የምናብ አገሯ የዋካንዳ ሕዝብ ከራስ እስከ እግሩ ነጭ ለብሶ ንጉሡን ይሸኛል። ነጠላ አዘቅዝቆ ለቅሶ መውጣት ለለመደ የአዲስ አበባ ተመልካች ይህ ትዕይንት ባዕድ አይሆንበትም። ሆኖም ያ ሁሉ ነጭ አንድ ወጥ አይደለም፤ ቀረብ ብሎ ላየው የአንዱ ሽመና ከሌላው፣ የአንዷ ዶቃ ከሌላዋ ይለያል፤ ማን ከየትኛው ጎሳ እንደመጣ ልብሱ ይናገራል። ይህን ያደረገችው ካርተር እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጀመሪያው፣ በ2023 ለሁለተኛው ፊልም ኦስካር ተቀበለች። ሁለት ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም ሆነች።

የእሷ ሥራ ወደ እኛም ይደርሳል። ኮትዲቯራዊው ኢዛክ ደ ባንኮሌ የወንዝ ጎሳ ሽማግሌ ሆኖ በአረንጓዴ ሱፍ ሲቀርብ ከንፈሩ ላይ ትልቅ ሸክላ አለ፤ የሙርሲና የሱርማ ጌጥ መሆኑን ኢትዮጵያዊ ተመልካች ወዲያው ይለየዋል። እዚህ ላይ ግን ጥያቄ አለ። በሙርሲም ሆነ በሱርማ የከንፈር ሸክላ የሴት ጌጥ ነው። ዋካንዳ የምናብ አገር ናትና ይህ ያለ ነው ሊባል ይችላል፤ ቢሆንም ጌጡ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ባለሙያ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

እንዲህ ያለ ባለሙያም፣ በምናባዊ ፊልም የሚሠራ ተዋናይም ከኢትዮጵያ አይጠፋም። ስፔናዊው ዳይሬክተር ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 «ክራምብስ»ን የሠራው በኢትዮጵያውያን ተዋንያን ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ከዓለም ፍጻሜ በኋላ፣ የተበላሸ የጠፈር መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተሰቅሎ በሚታይበት አገር ይኖራሉ። ዳሎል ላይ የተቀረጹት ክፍሎች ሌላ ፕላኔት ለማስመሰል ብዙ ብልሃት አላስፈለጋቸውም። ያንሶና ዳንኤል እ.ኤ.አ. በ2019 ለሌላ ፊልም እንደገና ተገናኙ። በዚህኛው ዳንኤል የስለላ መኮንን ነው፤ ሰለሞን ታሼ ደግሞ የባትማንን የሚመስል ልብስ የለበሰውን አምባገነን ባትፍሮን ይጫወታል። ኢትዮጵያዊ ተዋናይ በጀግና ካባ ፊልም ሠርቷል ማለት ነው፤ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ከካሜራ ጀርባ ያለው ሰው ደግሞ ከዚህም የባሰ ተረስቷል። የቻዱ ዳይሬክተር ማሐማት ሳሌህ ሃሩን «አቡና»ን (እ.ኤ.አ. 2002) እና በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘውን «ዳራት»ን (2006) ሲሠራ ካሜራው የነበረው በኢትዮጵያዊው አብርሃም ኃይሌ ብሩ እጅ ነው። አብርሃም አዲስ አበባ ተመልሶ ብሉ ናይል የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚን አቋቁሞ ወጣቶችን አስተምሯል። በየመንገዱ ፖስተራቸው ከተሰቀለ ተዋንያን ስም እኩል ስሙ ሊታወቅ ይገባ ነበር።

የእኛ ሲኒማ ልማድ ሌላ ነው። ፖስተሩ ላይ የሦስት ተዋንያን ፊት፣ ከሥሩ ደራሲ፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲውሰር የሆነ አንድ ሰው። በጀቱ ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቀነሰው የአልባሳት ባለሙያ ነው፤ ተዋናዩ ከቤቱ ሁለት ሦስት ቅያሪ ይዞ ይመጣል። ጠዋት የተቀረጸውና ከሰዓት የተቀረጸው በአንድ ትዕይንት ሲገጣጠሙ የሸሚዙ ቁልፍ አንዴ ክፍት፣ አንዴ ዝግ ሆኖ ይታያል። ይህ የተዋናዩ ጥፋት አይደለም፤ ይህን እንዲከታተል የተቀጠረ ሰው የለም። ድምፁም እንዲሁ ነው። ከዚያ ፊልሙ አልቆ የመጀመሪያው ስም ብቅ ሲል የአዳራሹ መብራት ቦግ ይላል፤ ሕዝቡ ወደ በሩ ይጋፋል።

ጀግና የማጣት ችግር የለብንም። ብስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው ኮሚክ «ጀምበር» አዲስ አበባ ውስጥ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ልዩ ኃይል ሲያገኝ ያሳያል፤ «ሀዊ» የተባለች ጀግናም ተከትላዋለች። ቦታም ሞልቷል። ከቀበና ሽቅብ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የጠፈር ምርምር ማዕከል አለ፤ ሆሊዉድ ቢሆን ይህን ቦታ ለማስመሰል ሚሊዮኖች ባፈሰሰ። ካባውን የሚሸምን ሸማኔ ከተፈለገ ሽሮ ሜዳ ቅርብ ነው። የሚጎድለው ባለሙያዎቹን ሁሉ በአንድ መዝገብ፣ በስማቸውና በደመወዛቸው የሚያሰባስብ የቀረጻ ቡድን ነው፤ ቡድን ደግሞ በአንድ ፊልም አይፈጠርም፤ አብሮ እየሠራ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ይበስላል።

ሲኒማ ቤቶች የመጨረሻው ስም ከማያ ገጹ ሳይወርድ መብራት አያብሩ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ፕሮዲውሰሮችም ዝርዝሩን በሚነበብ ፊደልና በሚነበብ ፍጥነት ያሳልፉት። አንድ የአማርኛ ፊልም ቀንቶት ቁጥር ሁለት ሲታሰብ ዛሬ መጀመሪያ የሚደወለው ለመሪ ተዋናዩ ነው። ለድምፅ ባለሙያውና ለአልባሳት ባለሙያዋም በዚያው ሳምንት ይደወል፤ በመጀመሪያው ፊልም ውላቸው ውስጥም ስለ ተከታዩ ሥራና ክፍያው የሚናገር አንቀጽ አስቀድሞ ይግባ።