«አፕዴት ያድርጉ» የሚለው መልዕክት በየትኛው በር መጣ?

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ አካባቢ ሱቅ ከፍቶ ለሚነግድ የከተማ ነዋሪም ሆነ ምርቱን ለገበያ ለሚያቀርብ አርሶ አደር፣ የሽያጭ ገንዘብን በእጅ ስልክ መቀበል እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ስልክ ለብዙዎች የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። በዚህም ምክንያት «ስልክዎ ጊዜው አልፎበታል፤ አሁኑኑ አፕዴት ያድርጉ» እያለ በድንገት ብቅ የሚል መልዕክት ቀላል ጉዳይ አይደለም። መልዕክቱ እውነተኛ ማሳሰቢያ ወይም የሌባ ማጥመጃ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለያቸው ደግሞ መልካቸው ሳይሆን የመጡበት በር ነው።

ማታለያው ኢትዮጵያውያንን ከዚህ ቀደም ዒላማ አድርጓል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም የሆነው ሲቲዝን ላብ ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሐሰተኛ አፕዴት አማካኝነት የስለላ ሶፍትዌር እንደተላከባቸው አስታውቋል። ከእነዚህም መካከል በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትዎርክ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ጃዋር መሐመድ ይገኙበታል። ተቋሙ ዘመቻውን ከወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ያያያዘው ሲሆን፣ ሶፍትዌሩም ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት መሆኑን ገልጿል።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ለተጠቂው ቪዲዮ የሚያሳይ መስሎ የተዘጋጀ ድረ ገጽ አድራሻ በኢሜይል ይላክለታል። ገጹን ሲከፍት ቪዲዮውን ለማየት በቅድሚያ አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን ማዘመን እንዳለበት ይነገረዋል። የሚያወርደው ፋይል ግን ሰላይ ነው። ቁልፉን የሰበረ የለም፤ ባለቤቱ ራሱ በሩን እንዲከፍት ተደረገ እንጂ።

አዶቤ ኩባንያ ለፍላሽ ፕሌየር የሚሰጠውን ድጋፍ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም ሙሉ በሙሉ አቋርጧል። ስለዚህ ዛሬ «ፍላሽን አዘምኑ» የሚል መልዕክት ሁሉ ሐሰት ነው። አታላዮቹ ግን ስም ከመቀየር አልቦዘኑም። ትሬት ፋብሪክ የተባለው የኔዘርላንድስ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም ይፋ ያደረገው ብሮክዌል የተሰኘ የአንድሮይድ ቫይረስ የክሮም አፕዴት መስሎ የሚቀርብ ነው። ስልኩ ላይ ከተጫነ በኋላ የባንክ መረጃን ከመስረቅ አልፎ አጥቂው ስልኩን ከሩቅ እንዲያዝበት ያስችላል።

ይህን የሰማ ሰው አፕዴት የተባለን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ልተው ቢል ሌላ አደጋ ይገጥመዋል። በግንቦት 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ኮምፒውተሮችን ሲያጠቃ፣ ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። በብዛት የተጎዱት አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው። እውነተኛ አፕዴት መድኃኒት ነው፤ ሐሰተኛው የመድኃኒቱን ስም የያዘ መርዝ ነው።

በአገራችን ሁኔታውን የሚያከብደው የዳታ ወጪ ነው። ብዙዎች ሒሳብ ለመቆጠብ ሲሉ አውቶማቲክ አፕዴትን ያጠፋሉ፤ መተግበሪያዎችንም ከጓደኛ ስልክ ወይም ከቴሌግራም ይቀበላሉ። ከማይታወቅ ምንጭ መጫንን የለመደ እጅ ሐሰተኛውንም ሳያመነታ ይጭነዋል። ወርኃዊ የዳታ ወጪ ላይ የተቆጠበው ጥቂት ብር ግን የአንድ ምርት ዘመን ገቢ ሊያሳጣ ይችላል።

መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ድረ ገጽ ሲከፈት ብቅ ያለ፣ በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ወይም በቴሌግራም የመጣ የአፕዴት ጥሪ ሳይነካ ይዘጋ። ከዚያም ባለቤቱ ራሱ ወደ ስልኩ ሴቲንግ ገብቶ «ሶፍትዌር አፕዴት» የሚለውን ይመልከት። መተግበሪያዎችን ደግሞ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ያዘምን። መልዕክቱ እውነት ከሆነ አፕዴቱ እዚያው ይገኛል። የሚያስቸኩል፣ ጊዜ የሚቆጥር ወይም የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ግን ማታለያ ለመሆኑ በቂ ምልክት ነው።

ስህተቱ ከተፈጸመም ጊዜ መስጠት አያስፈልግም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። በቅድሚያ ዳታና ዋይፋይ ይጠፉ፤ በዚያ ስልክም የባንክ መተግበሪያ አይከፈት። ሲም ካርዱን ወደ ሌላ ጤነኛ ስልክ አዛውሮ የምሥጢር ቁጥር መቀየር፣ ለባንክና በ127 ለቴሌብር ማሳወቅ ቀጣዩ እርምጃ ነው። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ በመሆኑ፣ የመልዕክቱን ምስል ይዞ ለፖሊስ ማመልከትም ይገባል።

ሕግ አጥፊውን ሊቀጣ ይችላል፤ የተወሰደን ገንዘብ ማስመለስ ግን ሁልጊዜ አይሳካም። ስለሆነም ዋነኛው ጥበቃ ያለው በባለስልኩ እጅ ነው፦ አፕዴትን ራሱ ፈልጎ ይሂድበት እንጂ ፈልጎት ለመጣው አይክፈት።