ስካውት ወደ አብደራፊ ቢወርድ ከቡችላው ይጀምር

በአገራችን ልማድ ውሻ ከደጅ እንጂ ከእልፍኝ፣ ከአጥር እንጂ ከምድጃ ዳር ስፍራ የለውም፤ ጅብ ሲቀርብ ጮኾ እንዲያነቃ፣ ሌባ ሲዘልቅ ነክሶ እንዲያስቆም ይፈለጋል እንጂ፣ ሲርበው የሚያስብለት፣ ሲታመም የሚያስታምመው ትልቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይህን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሥርዓት ደፍሮ የሚሽር ሕፃን ብቻ ነው። የጎረቤት ውሻ መውለዷን የሰማ ልጅ፣ ዐይኑን ከገለጠ ብዙ ቀን ያልሆነውን ቡችላ በሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ ከቤት ያገባል፤ እናት ትቈጣለች፣ አባትም «ነገ በማለዳ ካመጣህበት መልስ» ብሎ ይፈርዳል፤ ሲነጋ ግን ያችው የተቈጣችው እናት በጣሳ ክዳን ወተት አድርጋ ስታቀርብለት ትገኛለች።

ከዚያች ማለዳ ጀምሮ በቤቱ አዲስ ሕግ ይቆማል። ሌሊት ሲያላዝን ተነሥቶ የሚያባብለው፣ ያቈሸሸውን ወለል የሚያጥበው፣ ጐትቶ የበተነውን ጫማ የሚሰበስበው ያመጣው ልጅ ነው። በምዕራብ አርማጭሆ ጠረፍ ባለችው በአብደራፊ ሙቀት፣ ይልቁንም ነፋሱ እንኳ እንደ እሳት በሚጋረፍበት በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ውሃ የተረሳ እንስሳ እስከ ማታ አይዘልቅምና፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከራሱ ጥም አስቀድሞ የቡችላውን ጣሳ መመልከት ይለምዳል። በክፍል ውስጥ ከምናስተምረው ግብረ ገብ ይህን ያህል የሚሠራ ያለ አይመስለኝም።

ቤደን ፓወል የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል እ.ኤ.አ. በ1907 በብራውንሲ ደሴት ጥቂት ልጆችን ሰብስቦ የመጀመሪያውን የስካውት ሰፈር ካቆመ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ከደነገጋቸው ሕጎች ስድስተኛው ስካውት የእንስሳት ወዳጅ እንዲሆን የሚያዝ ነበር። በእኛም አገር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቦይ ስካውት በትምህርት ቤቶች ታውቆ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ማኅበሩ ቢፈርስም በዘመናችን እንደገና ተቋቁሟል። ይህ ማኅበር ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ጠረፍ ቢወርድ እጅግ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን እንዳለ ተገልብጦ እንዳይመጣ እሠጋለሁ።

ስካውት ሲባል ወላጅ የሚያስበው ሦስት ጣት ከፍ አድርጎ ቃለ መሐላ መግባትን፣ የአንገት ሻሹን፣ ከሁሉም በላይ ከከተማ ወጥቶ ከዛፍ ሥር እሳት አንድዶ ማደርን ነው። በእንግሊዝ ደን ይህ ያማረ ይሆናል። በእኛ ቆላ ግን ደስታው ራሱ ወጥመድ ነው፤ ካላ አዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በበጋ በሚሰነጣጠቀው በዋልካው መሬት ንቃቃትና በግራር ሥር ተሸሽጋ ውላ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ልትነክስ የምትወጣ ናትና። በ1997 ዓ.ም. የበሽታው ወረርሽኝ በሊቦ ከምከም ወረዳ ከታወቀ በኋላ የተደረገ ጥናት ለበሽታው ያጋልጣሉ ብሎ ከቈጠራቸው ነገሮች መካከል ከግራር ሥር መተኛት፣ ሌሊት ከደጅ ማደርና ውሻ መያዝ ይገኙባቸዋል፤ ሦስቱን አንድ ላይ ያሰበ ሰው የስካውትን ሰፈር ሥዕል ያየ ይመስለዋል። ውሻው ራሱ ተሐዋሲውን ያቀብል እንደ ሆነ ወይም ዝንቧን ወደ ሰው የሚያቀርብ ብቻ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። በአብደራፊ ግን ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ካላ አዛርንና የእባብ ንክሻን የሚያክምበት ስፍራ አለ፤ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የወረዱ ወጣቶች ትኩሳቱ አልለቅ ብሏቸው፣ ጣፊያቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው መንምኖ ይመጣሉ። ስለዚህ የአብደራፊ ስካውት ድንኳኑን ከግራር የሚያርቅ፣ ያለ አጎበር የማያድር፣ በሙቀቱ ምክንያት አልጋው ከደጅ በወጣ ሌሊትም ቡችላውን ከጎኑ የማያስተኛ ሊሆን ይገባዋል።

ይህን ማለቴ ፍቅሩን ለመከልከል አይደለም። መጽሐፈ ጦቢት እንደሚነግረን፣ ጦብያ የአባቱን ገንዘብ ሊያመጣ ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ውሻውም ተከትሎት ነበር። ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ የሚጠመቁት ሕፃናት ስለ ዓሣው ሐሞት ይሰማሉ እንጂ ስለዚያ ውሻ የሚነግራቸው ሰባኪ እኔ እስካሁን አልሰማሁም፤ ቢነገራቸው መልካም ነበር።

ከካላ አዛር ይልቅ ቡችላ ያለበትን ቤት ሁሉ ሊያሳስብ የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ምልክቱ አንድ ጊዜ በሰው ላይ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላልና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ አብዷል ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶ 40ው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ምክንያቱን መፈለግ አያስቸግርም፤ ከውሻ ጋር የሚጫወት ልጅ ነው፣ በተነከሰም ጊዜ ወዳጁን እንዳይገድሉበት ፈርቶ ቁስሉን የሚሰውር እርሱው ነው። ቁስልን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ከማናቸውም የገመድ ቋጠሮ አስቀድሞ ለስካውት ሊነገር የሚገባው ትምህርት ይህ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ያስገኘው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በክትባቱ መጀመሪያ ያከመው የ9 ዓመት ልጅ ነበረ። ፓስተር ያረፈበት ዕለት በየዓመቱ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ተብሎ ይታሰባል፤ በእኛ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው። ስካውቱ እስኪመጣ ድረስ የትምህርት ቤቶቻችን ክበባት ይህን ዕለት ቢይዙት ምን ይቸግራል? ልጆቹ በክረምቱ መጨረሻ የየቀበሌያቸውን ውሾች ቈጥረው ይመዝግቡ፤ ሦስት ወር የሞላውን ቡችላና አሮጌውን ሁሉ በገመድ እየሳቡ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ያምጡ፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያም መርፌውን ይዞ ይቈያቸው። ከመቶ 70ው ውሻ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ይላሉ ዐዋቂዎቹ። «ሰው መድኃኒት አጥቶ ለውሻ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ለዚህ ሰው የምመልሰው የተነከሰን ልጅ ለማዳን የሚወጣው ገንዘብ ውሻውን ለመከተብ ከሚወጣው ብዙ እጥፍ መሆኑን ነው።

ቀኑ ከዚያ ከዘገየ ግን ጥቅምት ይገባል፣ የሰሊጡ አጨዳ ይጧጧፋል፣ ውሾቹም ከጌቶቻቸው ጋር በየእርሻው ካምፕ ይበተናሉ፤ ያን ጊዜ መርፌ ይዞ የሚወጣ ባለሙያ በአንገረብ ወንዝ ዳር ሲዞር ቢውል ግማሾቹን እንኳ አያገኛቸውም።