የሣር ማጨጃ መኪና ያለ መለዋወጫ

በአዲስ አበባ ሣር ተክሎ ማሳመር የኤምባሲዎችና የጥቂት ባለጸጎች ግቢ ጉዳይ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ከተከፈቱ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ግን ሣር የለበሰው መሬት በየመንገዱ ዳርና በየሆቴሉ ደጃፍ እየሰፋ ሄዷል። ሣር ካለ ማጨድ አይቀርምና የሣር ማጨጃ መኪና ከአስመጪው ነጋዴ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ የተገባ ነው። ያልተገባው መኪናው ብቻውን መምጣቱ ነው።

ከሚመጡት መካከል አትክልተኛው እጀታውን ይዞ ከኋላ የሚከተለው፣ ነገር ግን በራሱ ኀይል የሚራመደው ዐይነት ይገኛል። የዚህ መኪና ሞተር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ከሥር ያለውን ስለት ያሽከረክራል፤ በቺንጋ አማካይነት ደግሞ ጎማዎቹን ይነዳል። በእጀታው ላይ ያለው መያዣ ሲጨበጥ ካቦው ይሳባል፤ ካቦውም እንደ መኪናው ዐይነት ቺንጋውን ያጠብቃል፣ ወይም በካምቢዮው ውስጥ ያለውን ፍሪሲዮን ያያይዛል። ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጥርስ የጎማውን የውስጥ ጥርስ እየያዘች መኪናውን ታራምደዋለች። ገዢው ከተራው ዐይነት አስበልጦ የከፈለው ስለዚሁ መራመድ ነው።

አንድ ቀን ሞተሩ እየጮኸ፣ ስለቱም እየዞረ፣ መኪናው ከቆመበት አልነቃነቅም ይላል። አትክልተኛው ያን ጊዜ 30 ወይም 40 ኪሎ የሚመዝነውን ብረት እየገፋ ያጭዳል። በሜዳ ላይ ይቻል ይሆናል፤ በእንጦጦ ዳገት ላይ ግን እኩለ ቀን ሳይደርስ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። የሆቴሉ ኀላፊ ወደ ሻጩ መደብር ሲልክም «መለዋወጫው የለም፤ አዲስ መኪና ግን አለ» የሚል መልስ ይመጣለታል። እንዲህ ያለው መልስ ለሻጩ አንድ ጊዜ ይጠቅመው ይሆናል። ሁለተኛ የሚሸጠው መኪና ግን ከሌላ መደብር የሚገዛ ነው።

ነገሩ የአንድ ደምበኛ ቅሬታ ብቻ አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በውጭ አገር ገበያ 15 ወይም 20 ዶላር የሚያወጣ ቺንጋ በመጥፋቱ 400 ዶላርና ከዚያም በላይ የሚያወጣ መኪና ከመጋዘን ጥግ ሲጣል፣ ኪሳራው የገዢውም የአገሩም ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል መሆኑ ነው። ካቦው ከብዛት የተነሣ ይረዝማል፤ ማስተካከያውን ጥቂት ማዞር ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ ለዚህ መለዋወጫም አያስፈልግም። ይህ ካልረዳ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መያዣውን ጨብጦ መኪናውን ወደ ኋላ መሳብ ነው። በብዙዎቹ ዐይነቶች ጎማዎቹ ተቆልፈው ከተጎተቱ ጥርሱና ካምቢዮው ደኅና ናቸው፤ ጥርጣሬው ወደ ቺንጋው ይዞራል። እንደ ልብ ከተሽከረከሩ ግን ካቦው ወይም ጥርሱ ይመረመራል። የጎማው ጥርስ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለ ሆነ አፈርና አሸዋ ይበላዋል፤ ጎማውን በአንድ ብሎን ፈትቶ በዐይን ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ የባለመደብሩ ዕውቀት ዋጋ አለው። የቀኝና የግራው ትንንሽ ጥርሶች መንትያ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሚይዙት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለ ሆነ ተለዋውጠው ከተገጠሙ ጎማው አይነዳም። ጥንዱን ሳይለይ የሸጠ ሰው ዕቃው ተመልሶ ሲመጣበት አይደነቅ። ከሶማሌ ተራ መጠኑ የተቀራረበ የአውቶሞቢል ቺንጋ ፈልጎ መግጠምም የተለመደ ብልኀት ነው፤ ብልኀቱ ግን ብዙ አይዘልቅም። የማጨጃው ቺንጋ ሲላላ መንሸራተት አለበት፤ አጥብቆ የሚይዝ ሌላ ቺንጋ ሲገባበት መያዣው ተለቆ እንኳ መኪናው መራመዱን አይተውም፤ ይህም ለሠራተኛው አደጋ ነው። ያረጀውን ቺንጋ ለክቶ ማዘዝም ያሳስታል፤ ቺንጋ ሲያረጅ ይረዝማልና። ትክክለኛው ከመኪናው ገላ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቍጥር ጽፎ በዚያ ማዘዝ ነው።

ለሠራተኛውም ሁለት ቃል ከዕቃው ጋር ቢነገረው መልካም ነው። የካንዴላው ሽቦ ሳይነቀል እጅ ወደ ስለቱ አይግባ። መኪናውም ሲጋደም የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ማጣሪያውና ወደ ካርቡራቶሩ ይወርድና ቺንጋ ሊለውጥ የተነሣው ሰው ሌላ ብልሽት ይጨምራል።

አስመጪዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ይታወቃል። ዐይነቱ ብዙ፣ ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ገንዘብም በመደርደሪያ ላይ ይታሰራል ይላሉ። እውነትነት የለውም አይባልም። ነገር ግን ዐይነቱን ያበዛው ማን ነው? በእያንዳንዱ ጭነት ርካሽ የተባለውን ሁሉ ከማምጣት ይልቅ በአንድ ወይም በሁለት ሞዴል መጽናት ይቻላል። ለዐሥር መኪና ዐምስት ቺንጋ፣ ሦስት ካቦና ሦስት ጥንድ ጥርስ በአንድ ካርቶን ተጠቅልሎ ከዚያው ከመኪናዎቹ ጋር ቢጫን የሚይዘው ቦታ ከቁም ነገር አይገባም። ገዢዎችም ከነቀፋ ነጻ አይደሉም፤ በጨረታ ሲገዙ ዝቅተኛውን ዋጋ ያያሉ እንጂ መለዋወጫ ይኖር እንደ ሆነ የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። በጨረታው ሰነድ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨመር አስመጪው ራሱ ያስብበታል።

ሣሩ የሚገፋው በሰኔና በሐምሌ ዝናብ ነው፤ ቺንጋውም የሚበጠሰው በዚያው እርጥብና ከባድ ሣር ላይ ነው። በባሕር ተጭኖ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ዕቃ ወራት ይፈጃልና ለክረምቱ የሚያስብ ነጋዴ የሞዴሉን ቍጥር ይዞ ትእዛዙን በጥር ወር ይላክ።