ኑሮና ሙያ፦ ለስፌት ክፍል ዕቃ ስንገዛ



የዛሬው ርዕሳችን የስፌት ክፍል ነው። ልብስ ሰፍቶ ለሚያድር ሰው የስፌት መኪና ብቻውን አይበቃውም። ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። ጨርቁን የሚያኖርበት መደርደሪያ፣ ክርና መቀስ የሚያስቀምጥበት መሳቢያም ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ከአንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ለመግዛት የሚሄድ ሰው ምን ማወቅ አለበት?

ለምሳሌ የምንወስደው ኢኬያ የሚባለውን የስዊድን መደብር ነው። በስቶክሆልም፣ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በእስራኤልና በዱባይ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ያውቁታል። ትምህርቱ ግን በየትኛውም ገበያ ይሠራል።

ስለ መደብሩ ጥቂት

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኢኬያን በ1943 ያቋቋመው ኢንግቫር ካምፕራድ የተባለ ስዊድናዊ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 17 ዓመት ነበር። የቤት ዕቃ መሸጥ የጀመረው በ1948 ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ መደብር በ1958 ከፈተ። በ2018 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ካምፕራድ ማንበብና መጻፍ ይቸግረው ነበር። ችግሩ ዲስሌክሲያ ይባላል። ይህ ችግር ያለበት ሰው ፊደልና ቁጥር ይምታታበታል። ካምፕራድም የዕቃዎቹን መለያ ቁጥር ማስታወስ አቃተው። ታዲያ ምን አደረገ? ለየዕቃው ስም አወጣለት። ስም ከቁጥር ይልቅ ይታወሳል። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ መደብር አንዱ መደርደሪያ ቢሊ፣ ሌላው ካላክስ እየተባለ ይጠራል።

ስለዚህ ፊደል ቢያስቸግረን አንፈር። እሱ መላ ፈልጎለታል፤ እኛም መላ እንፈልግለታለን።

ከቤት ሳንወጣ

ልብስ ሰፊዎች «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን አባባል ያውቁታል። ለዕቃ ግዢም ይሠራል። በዓይን ግምት የተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ በበር አይገባም።

በሉ እንግዲህ ሜትር እናንሳ። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት እንለካ። የጣሪያውን ከፍታ እንለካ። የበሩንም ስፋት አንርሳ። ቢሊ የሚባለው ረጅሙ መደርደሪያ ቁመቱ 202 ሴንቲ ሜትር ነው። ስፋቱ 80፣ ጥልቀቱ 28 ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ አይቆምም።

ቀጥሎ የራሳችንን አካል እንለካ። ቆሞ ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው ጠረጴዛው ዝቅ ካለበት ማታ ወገቡን ያመዋል። ቀጥ ብለን እንቁምና ክርናችንን እንጠፍ። ከወለል እስከ ክርን ያለውን እንለካ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ከዚያ በትንሹ ዝቅ ይበል። ለብዙ ሰው 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ተቀምጠን የምንሰፋበት ጠረጴዛ ግን ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። እግራችን ወለሉን ይርገጥ፤ ትከሻችን አይሰቀል።

የለካነውን ሁሉ በወረቀት ላይ እንጻፍ። ከዚያ የምንገዛውን ዕቃ በዝርዝር እንጻፍ። ይህ ወረቀት የኪሳችን ጠባቂ ነው።

መደብሩ ውስጥ

ለምን ጠባቂ አልነው? የመደብሩ መንገድ ረጅም ስለሆነ ነው። ወለሉ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ በሳሎኑ፣ በመኝታ ቤቱ፣ በወጥ ቤቱ ዕቃ መካከል እያዞረ ይወስዳል። ሁሉም አምሮ ተደርድሯል። ለጠረጴዛ የገባ ሰው ሻማና ትራስ ይዞ ይወጣል። እንዲያው ዓይን ያየውን ሁሉ ልብ ይመኛል። ዝርዝሩን በእጁ የያዘ ሰው ግን «ይህ ተጽፏል? አልተጻፈም» ብሎ ያልፋል።

በየዕቃው ላይ አንድ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ሳናነበው አንለፍ። በላዩ ላይ እነዚህን እናገኛለን፦

1. የዕቃው ስም፤
2. ዋጋው፤
3. ስፋቱ፣ ጥልቀቱና ቁመቱ፤
4. 8 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር፤
5. ዕቃው መጋዘን ውስጥ የሚገኝበት ረድፍና ቦታ።

ዋጋውን ብቻ አይቶ መሄድ ያስጎዳል። አንዳንዴ የተጻፈው የጠረጴዛው ገበታ ዋጋ ብቻ ነው። እግሮቹ ለብቻ ይሸጣሉ። ያላነበበ ሰው ገንዘብ መክፈያው ዘንድ ሲደርስ ይደነግጣል። ወይም ቤቱ ገብቶ እግር የሌለው ጠረጴዛ ያገኛል። ልጅን ወይም ጎረቤትን «አንብብልኝ» ማለት ነውር የለውም። ግን ቁጥሩን ራሳችን ካነበብነው ገንዘባችንን ራሳችን እናዝዛለን።

ረድፉንና ቦታውን በወረቀታችን ላይ እንጻፍ። መጨረሻ ላይ ትልቁ መጋዘን አለ። እዚያ በቁጥሩ ፈልጎ ካርቶኑን ጋሪ ላይ የሚጭነው ገዢው ራሱ ነው።

ምን እንምረጥ?

ለጨርቅ ማኖሪያ ካላክስ የሚባለው ባለ አራት ማዕዘን መደርደሪያ ይመቻል። እያንዳንዱ ክፍል 33 በ33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ አምስት ቦታ ቢታጠፍ 30 ይሆናል። ስለዚህ ልክ ይገባል።

ባለ አራት ክፍሉ ካላክስ ቁመቱ 77 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ፣ ከሥር 10 ሴንቲ ሜትር እግር፣ ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገበታ ቢታከልበት 90 ይሆናል። ከላይ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከታች ጨርቅ ማኖሪያ ሆነ ማለት ነው። ገበታው ግን እንዳይንሸራተት በብሎን ይታሰር።

ስለ ስፌት መኪናው ጠረጴዛ እንጠንቀቅ። አንዳንድ ርካሽ ጠረጴዛ ከላይ ሲያዩት ወፍራም እንጨት ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ወረቀት ነው። ይህ ዕቃውን ቀላልና ርካሽ ያደርገዋል። ለቡና ስኒ መልካም ነው። ከባድ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው ግን አይችልም። ለመኪና ጠንካራ ገበታ እንፈልግ። በእጃችን ነቅነቅ እናድርገው። ከተወዛወዘ እንተወው።

ክር፣ መርፌና ዚፕ ግን ከልብስ ስፌት ዕቃ ሻጭ ቢገዛ ይሻላል። የመኪና መርፌ ቁጥር አለው። ለስስ ጨርቅና ለወፍራም ጨርቅ አንድ አይደለም።

ቤት ከገባን በኋላ

ዕቃው ሳይገጣጠም በካርቶን ተኝቶ ይመጣል። ይህ ዘዴ በኢኬያ የተጀመረው በ1956 ነው። በመኪና አልገባ ያለውን ጠረጴዛ እግሩን ነቅለው ጫኑት ይባላል። የመገጣጠሚያው መመሪያ ከሞላ ጎደል በሥዕል ብቻ የተሠራ ነው። ገጽ በገጽ፣ ሥዕሉን እያየን እንሂድ። ከመጀመራችን በፊት ብሎኖቹን እንቁጠር። ደረሰኙን አንጣል።

አሁን የምንለው ከሁሉ የሚበልጥ ነው። መሳቢያና ረጅም መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ሕፃን ልጅ መሳቢያውን ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣበታል። ያን ጊዜ ዕቃው ላዩ ላይ ይወድቃል። ኢኬያ በ2016 በአሜሪካ ወደ 29 ሚሊዮን የሚጠጉ መሳቢያዎችን ገዢዎች እንዲመልሱ አስታወቀ። ምክንያቱም ግድግዳ ላይ ያልታሰሩ መሳቢያዎች ወድቀው ሕፃናትን ገድለው ነበር። ማሰሪያው ከዕቃው ጋር ይመጣል። የግድግዳው ብሎን ግን እንደ ግድግዳው ዓይነት ይለያያል። የጭቃና የብሎኬት ግድግዳ አንድ ዓይነት ብሎን አይዙም። ስለዚህ ባለሙያ እንጠይቅ።

ልብስ የምንሰፋው ልጆች ለማሳደግ አይደል? እንግዲያው ዛሬ ነገ ሳንል እንሰረው።

መልመጃ

1. አንድ ግድግዳ ርዝመቱ 260 ሴንቲ ሜትር ነው። 150 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛና 80 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ ቢቆሙበት ስንት ሴንቲ ሜትር ይተርፋል?
2. የጠረጴዛ ገበታ ዋጋው 40 ነው። አንዱ እግር 5 ነው። ባለ አራት እግር ጠረጴዛ በጠቅላላው ስንት ያወጣል?
3. ለስፌት ክፍላችሁ የሚያስፈልጉ አምስት ዕቃዎችን በእጃችሁ ጻፉ።

መልስ፦ 1ኛው 30 ሴንቲ ሜትር፤ 2ኛው 60። የ3ኛው መልስ በእናንተ ዘንድ ነው። ወረቀቱን አስቀምጡት፤ ገበያ ስትወጡ ይጠቅማችኋል።