የሐረር ሕፃናትና የንባብ መሠረት

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ ሐረርኛ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባት ሐረር እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን መምህርና መጽሐፍ ይሻል፤ ሸክሙም ተናጋሪው ጥቂት በሆነው በሐረርኛ ላይ ይበረታል። በ2002 ዓ.ም. ሐረሪን ጨምሮ በበርካታ ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ማለትም ልጁን ለብቻው ጮክ ብሎ እያስነበቡ በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነብ የሚቆጥሩበት ፈተና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ይህ ቁጥር ያማል፤ ማንበብ ሳይችል 3ኛ ክፍል የገባ ልጅ የሒሳቡንም የሳይንሱንም መጽሐፍ ሊከተል አይችልምና። ስለዚህ የሐረሪ ክልል ትምህርት ቢሮ የ8ኛ ክፍልን ውጤት ከመጠበቅ ይልቅ፣ አሮጌዋን ከተማ በሚከብበው በጀጎል ግንብ ውስጥም ውጭም ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ንባብን ሊመዝን፣ ብርቱ መምህራኑንም በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ሊመድብ ይገባዋል።